ስለ ጤና ሯጭ ሕመም፦ ከጉልበት በታች የተደረገ ጥናት

በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቱታ ለብሶ ከቤቱ የሚወጣ፣ እንጀራው ከሩጫ ያልሆነ፣ ውሻ ሳያባርረው የሚሮጥ ሰው በዚህ ጽሑፍ «የጤና ሯጭ» ተብሎ ይጠራል። ስያሜው በየሰፈሩ እሑድ እሑድ ኳስ ከሚጫወቱት «የጤና ቡድኖች» የተወሰደ ነው። እነዚያ ቡድኖች በየሳምንቱ አንድ ሁለት ሰው እያነከሰ ወደ ቤቱ ቢሸኙም ስማቸውን አልቀየሩም፤ የጤና ሯጭም ጤነኛ ሆኖ አለመገኘቱ ስሙን አያፈርስበትም። ስለ እነ አበበ ቢቂላና ስለ እነ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ብዙ ተጽፏል። ስለዚህኛው ሰው ግን ዝም ተብሏል፤ ዝምታው ከእሱ በኩል የመጣ እንዳልሆነ የሚያውቁት ሁሉ ይመሰክራሉ። የጥናቱ መከራከሪያ አጭር ነው፦ የጤና ሯጭ ሙሉ ሯጭ የሚሆነው እንዳይሮጥ ሲከለከል ነው። ጉዳት ማዕረጉ ነው፤ ከጉዳት መመለስም ከሹመት እንደ መሻር ስለሚቆጠር በተቻለ መጠን ይዘገያል።

ማስረጃውን ከቋንቋ እንጀምር። አማርኛ ለአቅምና ለእግር መታጠፊያ አንድ ቃል መድቧል፤ ጉልበት። ስለዚህ «ጉልበት የለኝም» ያለ ሰው ስለ ኑሮው እያወራ ይሁን ስለ መገጣጠሚያው እስኪያብራራ መጠበቅ ግድ ነው፤ የጤና ሯጭም ሲያብራራ አይቸኩልም። የጉልበትን ክዳን «ሎሚ» ብሎ የሰየመ ሕዝብ ደግሞ ዕቃው አንድ ቀን እንደሚጨመቅ ቀድሞ ጠርጥሯል ማለት ነው። ከሎሚው በታች ያለው አገር ይበልጥ ሰፊ ነው፤ ባት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ተረከዝ፣ ውስጥ እግር። ጤነኛ ሰው «ቁርጭምጭሚት» የሚለውን ቃል ሳያነሣ ዓመቱን ሊያጋምስ ይችላል፤ ጉዳተኛው ከቁርስ በፊት ሁለት ጊዜ ይጠራዋል። የቃላት ሀብቱም ከሕመሙ ዕድሜ ጋር ያድጋል። በመጀመሪያው ቀን «እግሬን አመመኝ» ይላል፤ በሳምንቱ «የተረከዝ ጅማት ነው» ይላል፤ በወሩ ጅማቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ድረስ በማንኪያ ጠረጴዛው ላይ እየሣለ ያስረዳል። ይሮጥ በነበረበት ዘመን ስለ ሩጫ የሚያወራው «ዛሬ ወጥቼ ነበር» ከሚለው አያልፍም ነበር።

ለምን ቢባል፣ መልሱ ጤነኛ ሳለ ባሳለፈው ውርደት ውስጥ ይገኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በአማካይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ይህን ስስ አየር ፍለጋ የውጭ ሯጮች በአውሮፕላን ይመጣሉ፤ የጤና ሯጭ በነጻ ተሰጥቶት ይታፈንበታል። መስቀል አደባባይ ላይ ከታችኛው ደረጃ ጀምሮ ዳር እስከ ዳር እየተመላለሰ ወደ ላይ ሲወጣ፣ አራተኛው ደረጃ ላይ አንድ ቀጭን ወጣት ከኋላው መጥቶ ያልፈዋል። ወጣቱ አይተነፍስም፤ ቢተነፍስም አይሰማም። የጤና ሯጩ በዚህ ጊዜ የጫማው ማሰሪያ ትዝ ይለውና ይንበረከካል። ማሰሪያው አልተፈታም፤ ስለዚህ መጀመሪያ መፍታት ያስፈልጋል። ከፈታው በኋላ ሁለቱን ጫፎች አስተካክሎ ያስራል፣ ቋጠሮውን ይደግማል፣ ለእኩልነት ሲባል ሌላኛውንም ይፈታል። ወጣቱ በዚህ መሐል ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። ነገሩን በቁጥር ማየትም ይቻላል፤ ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጧል። ያንኑ ርቀት በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ የሚጨርስ የጤና ሯጭ (በሰፈሩ ጎበዝ የሚባለው ነው) መጨረሻው ላይ ሲደርስ፣ ቀነኒሳ በዚያው ፍጥነት ቢቀጥል ኖሮ ሁለት ጊዜ ጨርሶ ሦስተኛውን ከግማሽ በላይ ሄዶት ነበር። ይህን ልዩነት በሶም፣ ተልባም፣ ከውጭ ዘመድ የላከው ጫማም አያጠብበውም።

ጅማት ግን ያጠብበዋል። ቀነኒሳ ለዓመታት በባትና በተረከዝ ሕመም ተሠቃይቷል። ኃይሌም እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም የተረከዝ ጅማቱን እያስታመመ ነበር። ባትን ከተረከዝ ጋር የሚያያይዘው ገመድ የባለቤቱን ሜዳሊያ አይቆጥርም። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ በ10 ኪሎ ሜትር ከቀነኒሳ ጎን የሚቆምበት አንድም መንገድ የለም፤ በሕመም ግን ጎን ለጎን ናቸው፤ እንዲያውም የሒሳብ ሠራተኛው ሊብስበት ይችላል። «የእኔና የቀነኒሳ አንድ ነው» የሚለው ንግግር ከጤነኛ አፍ ሲወጣ ዕብደት ነው፤ ከጉዳተኛ አፍ ሲወጣ የሕክምና መረጃ ይሆናል። ቀነኒሳ ከዚያ ሁሉ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:01:41 መጨረሱና ከወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ ብቻ መዘግየቱም በጉዳተኛው ዘንድ እንደ ራሱ የነገ ታሪክ ይነገራል፤ ሁለቱ ሰከንዶች ሳይቀሩ።

ማኅበራዊውም ማስረጃ ከዚህ አያንስም። ጤነኛ ሯጭን የሚጠይቀው የለም። በአገራችን ደንብ ጠያቂ ያለው የታመመ ነው፤ የታመመን አለመጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። ጉዳተኛው የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ፣ መደገፊያውን ይዞ፣ አንድ በአንድ ሲወርድ ከታች የምትመጣ ባልደረባ ቆም ትላለች። «ምነው ወንድሜ፣ እግርህ ነው?» «ተዪው እቴ፣ ጅማት ነው።» «ውይ፣ ማርያም ትማርህ! ብርድ ይሆናል።» «ብርድስ አይደለም፤ ከሩጫ ነው።» ጥናታችን የሚቆመው በዚህች የመጨረሻ መልስ ላይ ነው። ብርድ ማንንም ይመታል፤ የመታው ሰው ሯጭ መሆን አይጠበቅበትም። ስለዚህ ብርድ የሚለውን ምርመራ ጉዳተኛው በትሕትና ሆኖም በቁርጠኝነት ውድቅ ያደርጋል። ምክሩን ግን ይቀበላል። አንዱ ቅቤ ቀብተህ ታሽ ይላል፤ ሌላው ፌጦ በሎሚ ይላል፤ ሦስተኛው ወለምታን በአንድ ጊዜ ቀጥ የሚያደርግ ወጌሻ ያውቃል። (ወጌሻ የሚለውን ቃል ማቃለል አይገባም፤ በኳስ ሜዳዎቻችን ቦርሳ አንጠልጥሎ የሚገባው ባለሙያ ዲግሪ ቢኖረውም ጋዜጠኛው የሚጠራው ወጌሻ ብሎ ነው።) ጉዳተኛው ራሱ ያመነበት ሕክምና ፍሪዘር ውስጥ የተኛ የሃይላንድ ውኃ ነው። ማታ ዜና እያየ ጠርሙሱን በውስጥ እግሩ ወለሉ ላይ ያንከባልላል፤ እንግዳ ከመጣም አያቆምም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፦ ሕመሙ እኮ እውነተኛ ነው። እኛም አልካድንም። የሚመጣበትም መንገድ የታወቀ ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ኅዳር ላይ ነው፤ የጤና ሯጭ የሚያስታውሰው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። ልብና ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ይሻሻላሉ፤ ጅማትና አጥንት ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሰውየው «አሁን ገና ቀለለኝ» በሚልበት ሳምንት ጅማቱ ገና ወሬውን አልሰማም። የሚጎዳው ደክሞት ሳይሆን በርትቶ ሳለ የሆነውም ለዚህ ነው። መድኃኒቱም ቢሆን ምስጢር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የስዊድኑ ሐኪም አልፍሬድሶንና ባልደረቦቹ ለተረከዝ ጅማት ያቀረቡት ሥራ ደረጃ ጫፍ ላይ በእግር ጣት ቆሞ ተረከዝን ቀስ አድርጎ ወደ ታች ማውረድ ነው፤ ጉልበትን ቀጥ አድርጎ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። በቀን 180፣ በጠቅላላው 15,120 ጊዜ መሆኑ ነው። ሥራው ገንዘብ አይጠይቅም፣ ቀጠሮ አይጠይቅም፣ ደረጃ በየቤቱ አለ። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ አይወራም። «ትናንት ተረከዜን 180 ጊዜ አወረድኩ» ብሎ ወሬ የጀመረ ሰው ቡናው ሳይፈላ ብቻውን ይቀራል። የጠርሙሱ በረዶ ግን ይታያል፣ ይንጠባጠባል፣ ሰው ያስጠይቃል። «ዕረፍት፣ በረዶ፣ መጠቅለል፣ ከፍ ማድረግ» የሚለውን ቀመር እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ራሱ በኋላ ዘመኑ በረዶና ፍጹም ዕረፍት መዳንን ሊያዘገዩ ይችላሉ ብሏል። ይህ ዜና ለጉዳተኛው ቢነገረው ፍሪዘሩን ይበልጥ ይሞላዋል ብለን እንጠረጥራለን።

ሌላው ተቃውሞ ከታሪክ የሚመጣ ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ትርፍ አንጀቱን ተቀድዶ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ማራቶንን በ2:12:11 አሸንፏል፤ ከተከታዩም በ4 ደቂቃ በልጦ ገብቶ፣ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ከጉዳት መመለስ ማዕረግ የሚያሳጣ ከሆነ ይህ ምን ሊባል ነው? መልሳችን፣ ጉዳተኛው ይህን ታሪክ ሲጠቅስ ተሰምቶ አይታወቅም የሚል ነው። የሚጠቅሰው የሜክሲኮውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 አበበ በተጎዳ እግሩ ጀምሮ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያቋረጠበትንና ማሞ ወልዴ ያሸነፈበትን። «አበበ እንኳ አቋርጧል» ይላል። የኃይሌንም ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ኒው ዮርክ ላይ ጉልበቱን አሞት አቋረጠ፣ ሩጫ በቃኝ አለ፣ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሐሳቡን ቀየረ። ከዚህ ውስጥ ጉዳተኛው የወሰደው ማቋረጡን ነው፤ የሳምንቷን ጉዳይ እያሰበበት ነው። «ለጤናው እንጂ ለወሬ አይሮጥም» የሚሉም አሉ። ለጤናው ቢሆን ኖሮ በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃው ነበር፤ ለመራመድ ግን ሰዓት አይገዛም፣ ካናቴራም አይታደልም። ሳይናገሩ የሚድኑ፣ ሳይናገሩ የሚመለሱ ሯጮችም መኖራቸውን አንክድም። ሆኖም ስለማይናገሩ ጥናቱ ሊያገኛቸው አልቻለም።

የመመለሻው ሥርዓት ራሱ ለማዕረጉ አይመችም። ባለሙያዎች የሚመክሩት አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ፣ እያለ በየሳምንቱ ሶምሶማውን ማስረዘም ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። አስፋልት ላይ ግን ሦስት ወር ሙሉ ስለ ጅማት ሲያስተምር የከረመ ሰው፣ ጎረቤት ሁሉ እያየው፣ በየደቂቃው ቆሞ መራመድ አለበት። ችግሩን የሚፈታው ደቂቃውን በሰዓት ሳይሆን በሰው በመለካት ነው፤ ሱቁ ፊት ይሮጣል፣ ቅያሱን ሲታጠፍ ይራመዳል፣ ታክሲ ተራው ጋ ሲደርስ እንደገና ይሮጣል። ሱቅና ታክሲ ተራ በበዙበት ሰፈር የልምምዱ ጫና በዚያው ልክ ይከብዳል። የታመመውን ግራ እግር ለማዳን ሲባል ቀኙ ሥራውን ይደርባል፤ በአራተኛው ሳምንት ቀኙ ያመዋል። ጉዳተኛው ይህን በሐዘን ቢናገርም ፊቱ ላይ የሚታየው ሌላ ነው። ግራውን ያሳለፈ ሰው ስለ ቀኙ ሲናገር እንደ ጀማሪ አይንተባተብም።

የኅዳሯ እሑድ በዚህ መሐል ትደርሳለች። ታላቁ ሩጫ እ.ኤ.አ. በ2001 በ10,000 ሰው ሲጀመር ኃይሌ ራሱ ሮጦ አሸንፎ ነበር፤ ዛሬ ካናቴራው ከተማውን አንድ ቀለም ያለብሰዋል። ጉዳተኛው ተመዝግቧል፣ ካናቴራውንም ወስዷል፤ ይለብሰውና መንገድ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል። ከቀትር በኋላ ከሮጡት መለየት አይቻልም። የጥናቱ ፈተና ሰኞ ነው። ቁልቁለት የበዛበትን 10 ኪሎ ሜትር ያለ ልምምድ የሮጠ ሰው ጭኑ በማግስቱ ይታሰራል፤ የሚብስበትም ደረጃ ሲወርድ ነው። ሰኞ ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ የሒሳብ ክፍሉ፣ መዝገብ ቤቱ፣ ጥበቃው ሳይቀር ያነክሳል፤ አንዳንዱ በጎኑ፣ አንዳንዱ ወደ ኋላ ዞሮ ይወርዳል፤ ባልደረባይቱም «ውይ!» እያለች ቁጭ ብላለች፤ ዛሬ ስለ ብርድ የሚያነሣ የለም። ከሕንጻው ሁሉ ደረጃውን ቀጥ ብሎ መውረድ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ላይኛው ደረጃ ላይ ትንሽ ቆም ይልና፣ ግራና ቀኝ አይቶ፣ መደገፊያውን ይይዛል።