የአባ ኮዳ እድር

በድሮ ጊዜ አልልም፤ ነገሩ የቅርብ ነው። ንፋስ ስልክ ላፍቶና ኮልፌ ቀራኒዮ በሚዋሰኑበት፣ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከሃምሳ ዓመት በላይ በተከመረበት በቆሼ የሚውሉ ወፎች እድር ነበራቸው። ዳኛው አባ ኮዳ፣ ገንዘብ ያዧ እመት ጅግራ፣ ጥሩምባ ነፊው አያ ቁራ። ደንቡ አጭር ነው፦ ሞት ሲደርስ ድንኳን ይጣላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ በሰልስቱ ድንኳኑ ይነሳል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተናደ። ከሥሩ የነበሩትን ቤቶችና የላስቲክ መጠለያዎች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። የሰውን ሐዘን ለሰው ልተወውና፣ በወፎቹ መንደርም እናት አባት የሌላቸው ጫጩቶች ቀሩ።

ቁራ ጥሩምባውን ነፋ። ከለቡ፣ ከመካኒሳ፣ ከጀሞ፣ ከፉሪ ተራራ ሳይቀር ወፍ ጎረፈ። ደግነታቸው አይካድም። ጭላት አንድ ሙሉ አይጥ አመጣ። አባ ኮዳ ከጫጩቶቹ የሚበልጥ አጥንት አኖረ። ቁራ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ ይዞ መጥቶ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው ቅርንጫፍ ላይ ሰካው። ጎጆው በስጦታ ተጨናንቆ ጫጩቶቹ መቀመጫ አጡ። የሚውጡት ግን አልነበረም።

በሰልስቱ «እግዜር ያጥናችሁ» ተባብለው ተበተኑ። በማግስቱ ርግብ አባ ኮዳ ዘንድ ሄደች።

«አባ፣ ጫጩቶቹ ተርበዋል።»

«ልጄ፣ እድሩ ግዴታውን ተወጥቷል። ደንቡ የሚለው ለሟች ነው።»

«ንፍሮውን ታዲያ ሟች ነው የበላው?»

እመት ጅግራ ሳቋን በክንፏ ሸፈነች። አባ ኮዳ ራሰ በራውን አከከ። «ምን ይደረግ ነው የምትይው?»

«አጥንት አልጠየቅሁም። እያንዳንዱ አባል በየቀኑ አንዲት ፍሬ ያዋጣ፤ በጉሮሮዬ አለስልሼ የማጎርሳቸው እኔ ነኝ። ክንፍ እስኪያወጡ ነው።»

ቁራ ተነሳ። «ፍሬዬ ከሌላው ከተቀላቀለች በኋላ የኔ የትኛዋ እንደሆነች በምን ትታወቃለች?»

«የተበላችው ናታ፣ አያ ቁራ።»

ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ተመራ። ጉባኤው ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ ቀረና ለሌላ ቀን ተቀጠረ። በመካከሉ ታናሿ ጫጩት ሞተች። እድሩም አላንቀላፋም፦ እንደ ደንቡ ጥሩምባው በሰዓቱ ተነፋ፣ ድንኳኑ ተጣለ፣ ንፍሮው ሞቅ እንዳለ ቀረበ። በሕይወት ሳለች አንዲት ፍሬ ለተነፈጋት ጫጩት ሙሉ ቁና ተቀቅሎላት ነበር። አባ ኮዳ አንድ ጉርሻ አፉ ውስጥ ካስገባ በኋላ መዋጥ አቃተው። ደንቡ እዚያው ድንኳን ውስጥ ተሻሻለ። (የእድር ደንብ አይነካም የሚል ካለ፣ በኤችአይቪ ዘመን አንዳንድ የአዲስ አበባ እድሮች ወላጅ ላጡ ሕፃናት መድረስ መጀመራቸውን ያስታውስ።)

ክረምቱ ከባድ ነበር። መዋጮው አንዳንዴ ይጎድላል፣ ሐዘኑ ተረስቷል፣ ማንም «እግዜር ያጥናችሁ» ሊል አይመጣም። እመት ጅግራ ግን ከጎተራ እስከ ላፍቶ በእግሯ እየዞረች ትሰበስባለች። የቀሩት ጫጩቶች መስከረም ላይ በረሩ።

ቁራ እስከ ዛሬ ጅግራን ሲያይ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ይሸሻል፤ የሁለት ወር ውዝፍ አለበት።