በየሁለት ሰዓቱ የሚሞት ኮምፒውተር

የዕድራችን ጸሐፊ እኔ ነኝ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት በታች ያለው ዕድር የእኛ ነው። ለጸሐፊነት የተመረጥኩት ጽሕፈት ስለማውቅ አይደለም፤ ሁሉም «ዓይኔ ደከመ» እያለ ሲሸሽ የእኔን ዓይን የጠየቀ ስለጠፋ ነው። ድሮ መዝገባችን ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ነበር። ቁልፍ ከተባለም የሳጥኑ ቁልፍ ነው፤ እሱን ባለቤቴ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ታስረዋለች። ቁልፉ እንደ ኮምፒውተሩ ሃያ አምስት ፊደል አልነበረውም። ከባሕር ማዶም ፈቃድ አይጠይቅም ነበር።

ከዚያ «እንዘምን» ተባለ። በ2002 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተዋጥቶ ያገለገለ ኮምፒውተር ተገዛ። መገናኛ ካሉት ሕንፃዎች ባንዱ የሚሠራ ጎረምሳ ፎርማት አደረገውና «ፋዘር፣ የመጨረሻውን ዊንዶውስ 7 ጭኜልዎታለሁ፤ ፉል ነው» ብሎ ብሩን ቆጥሮ ኪሱ ከተተ። ጠዋት በዳቦ የሚበላው ፉል በሆነልኝ! እሱ ቢያንስ እስከ ምሳ ያቆያል።

በስክሪኑ ቀኝ ግርጌ፣ ሰዓቱ ካለበት ከፍ ብሎ፣ ደቃቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበረች። መነጽሬን አጥልቄ ተጠጋሁና የሙከራ ቅጂ መሆኑንና 7100 የሚል ቁጥር አነበብኩ። ጎረምሳውን ስጠይቀው «ጌጥ ነው፣ ፋዘር» አለኝ።

ጌጡ ምን እንደሆነ ዘግይቼ ነው የተረዳሁት። ሠሪው ኩባንያ ዊንዶውስ 7ን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት ሕዝብ እንዲሞክረው በነፃ ለቆት ኖሯል፤ ጉድለቱን እኛ እንድናገኝለት። ዋናው ለሽያጭ የወጣው ጥቅምት 12 ቀን 2002 ነው፤ የሙከራው ሚያዝያ 27 ቀን 2001። ሚያዝያ 27 እንግዲህ የአርበኞች ቀን ነው፤ አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር አበባ የሚቀመጥበት። ሙከራው ማብቂያም ተቆርጦለታል። ከየካቲት 22 ቀን 2002 ጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ ራሱን ያጠፋል፤ ግንቦት 24 ጨርሶ ያከትማል። የካቲት 22 የዓድዋ ዋዜማ አይደለም? በአርበኞች ቀን ተወልዶ በዓድዋ ዋዜማ የሚከዳ ነገር ከዚህ በቀር አላየሁም። ፈረንጅ ቀን ሲቆርጥ የእኛን በዓላት እየመረጠ ነው እንዴ?

ለነገሩ ኩባንያው አልደበቀም። ሁሉን አስቀድሞ ተናግሯል፤ ሲያጠፋም ያላስቀመጥከውን ጽሑፍ እንደማያድንልህ ሳይቀር ነግሮሃል። በነፃ የተሰጠውን ለእኔ የሸጠው የመገናኛው ልጅ ነው። አኩርፌ ተመልሼ ሄጄ፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም እንደሚጠብቅ ነገርኩት። ቀና ሳይል «አዋጁ ስንት ጊጋ ነው ፋዘር? በፍላሽ ያምጡልኝ» አለኝ።

ማስጠንቀቂያው ስክሪኑ ላይ መምጣት የጀመረው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ቀኑ በፈረንጅ ነበርና በወረቀት ገልብጬ ለስብሰባ አቀረብኩት። የዕድሩ ዳኛ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩና «2010 ነው የሚለው። ዘንድሮ 2002 ነው። ገና ስምንት ዓመት እያለን ምን ያንጫጫናል?» አሉ። ተጨበጨበ። አጀንዳው በስምምነት ተዘጋ፤ እኔም በቃለ ጉባኤ አሰፈርኩት። ያ ቃለ ጉባኤ ዛሬም አለ።

የካቲት 22 ቀን ከሰዓት በኋላ የውዝፍ ዝርዝር እየጻፍኩ ነበር። እኔ የምጽፈው ባንድ ጣት ነው። ያቺ ጣት ከ«ሀ» ተነስታ በብዙ ልመና «ተ» ላይ ስትደርስ፣ ተስፋዬ ያለበትን የሦስት ወር ውዝፍ ስትነካ፣ ድርግም! ባለቤቴ ከጓዳ «መብራት ሄደ?» አለች። መብራቱማ አለ፤ አምፖሉ ፊቴ ላይ ያፈጣል። በዚያ ዓመት መብራት መሄዱን ለምደነው ነበር። በጥር ጊቤ 2 ተመርቆልን ደስ ሲለን፣ ሳምንታት ሳይቆይ ዋሻው ተደርምሶ አርፎታል። ነገር ግን መብራት ሲሄድ ከነጎረቤቱ ነው፤ አብረህ ታማርራለህ፣ ሻማ ትበዳደራለህ። ይሄ ግን እኔን ብቻ ነጥሎ ነው ያጨለመብኝ። ተስፋዬም እስከ ዛሬ ውዝፍ የለብኝም ባይ ነው።

በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍም ሙከራ ነበር። ይኸው እንጦጦን ሞልቶ፣ ስንት እናት ጀርባዋን አጉብጣ ቅጠሉንና እንጨቱን አውርዳ ልጅ አሳድጋበታለች። በየሁለት ሰዓቱ እየወደቀ ቢነሳ ኖሮ አዲስ አበባ በጥሬ ሽሮ ትቀር ነበር።

መድኃኒቱን ሁሉም ያውቃል፣ ችግሩን የሚያውቅ ግን የለም። የልጅ ልጄ «አባባ፣ የኮምፒውተሩን ቀን ወደኋላ መልሱት፤ ገና ነው ብሎ ያስባል» አለኝና መለሰው። ዘዴው ይሥራ አይሥራ ሳይታወቅ በዚያው ሰሞን አንድ አባል አረፉና ለቤተሰቡ የከፈልንበትን ደረሰኝ አተምኩ። ልጃቸው አንብቦ ቀና አለ። በደረሰኙ መሠረት ዕድሩ የቀብር ገንዘብ የከፈለው አባቱ ከመሞታቸው ከአምስት ወር በፊት ነው። «ጋሼ፣ ታውቁ ነበር ማለት ነው?» አለኝ። ለቅሶ ላይ እንደዚያ ተብሎ ይጠየቃል?

ከዚያ ወዲያ እውነተኛውን ለመግዛት ተወሰነ። አሜሪካ ያለች የእህቴ ልጅ ገዝታ ቁልፉን በስልክ ልታነብልኝ ደወለች። ቁልፉ አምስት አምስት ሆኖ በአምስት ረድፍ የተከፈለ ሃያ አምስት ምልክት ነው። እንዳያደናግር ብለው ዜሮንና ኦን፣ አንድንና አይን፣ አምስትንና ኤስን አውጥተዋል አሉ፤ ቢና ስምንትን፣ ጂና ስድስትን ግን ምን ቢያደርጓቸው ነው የተዉአቸው?

«ጋሼ፣ ቢ ይበሉ፤ እንደ በቀለ።»

«የትኛው በቀለ? ተዝካር ያወጣው?»

«ማንኛውም በቀለ ይሁን ጋሼ! ቀጥሎ ስምንት።»

«ስምንቱን ጽፌዋለሁ።»

«እሱማ ቢው ነው!»

እንዲህ ሆነን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስልኩ ተቋረጠ። ኢንተርኔት የሌለው ሰው በስልክ ማስከፈት ይችላል ሲሉኝ ደግሞ ደስ ብሎኝ ዝርዝሩን ጠየቅኩ። አንተ ሃምሳ አራት አኃዝ ታነባለህ፤ እነሱ አርባ ስምንት አኃዝ መልሰው ያነቡልሃል፤ አንዱን ከሳትክ እንደገና። እኔ ጉራራ ያለች እህቴን ደህና አደርሽ ለማለት እንኳ ኔትወርክ ፍለጋ ጣራ ሥር የምዞር ሰው ነኝ።

ቁልፉ በመጨረሻ በወረቀት ተጽፎ በሰው መጣ። አሁን ገላገለኝ ስል ሌላ ጣጣ። ከሙከራው ወደ ዋናው ቀጥታ መሻገር አይፈቀድም፤ ሁሉን አጥፍቶ ከዜሮ መጫን ነው። ማለትም የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ፣ የአባላቱ ዝርዝር፣ ያ ሁሉ ባንዲት ጣት የተለቀመ ሊጠፋ ነው። በፍላሽ ገለበጥነው፤ ፍላሹ ቫይረስ ነበረበት። ስለዚያ ሳምንት ባላወራ ይሻላል፤ ደሜ ይጨምራል።

አሁን ደግሞ የልጅ ልጄ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ በራሱ ፈቃድ፣ ገንዘብ ሳያስገድደው፣ ያንኑ የሙከራ ዓይነት እየጫነ ይኖራል። ኩባንያው ከመስከረም 2007 ጀምሮ «ኢንሳይደር» የሚል ማኅበር አቋቁሟል፤ ያልበሰለውን ለሚቀምሱለት። ዛሬም ማብቂያ ቀን አለው፣ ዛሬም ጥጉ ላይ ያቺ ደቃቅ ጽሑፍ አለች። ያም ሆኖ መጀመሪያ እውነተኛ ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ ይኑርህ ይሉታል! በእኛ ጊዜ ባለሙያ የሚሞክርብህ ከፍሎህ ነበር።

የዕድሩ ኮምፒውተርስ? ተለውጦ ዊንዶውስ 10 ላይ ደርሰናል፤ የእሱም ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አበቃ። ወደ 11 እንዳንሻገር ማሽኑ አያሟላም፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል ነገር ይጎድለዋል። ይህንኑ ባለፈው ስብሰባ አቀረብኩ። ዳኛው አርጅተዋል እንጂ ጥያቄያቸው አላረጀም።

«አበቃ ስትል ሞተ ማለት ነው?»

«አልሞተም፤ ጠዋት ጠዋት ይነሳል። የሚጠይቀው ሰው ነው የቀረ።»

ገንዘብ ያዡ በመተዳደሪያ ደንቡ ዕድሩ ወጪ የሚያደርገው ለሞተ ብቻ መሆኑን አስታወሰ። አንዲት ሴት አባል «የታመመ መጠየቂያስ አለን አይደል?» አሉ። ክርክሩ ጦፎ ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ቤቴ መጥተው ኮምፒውተሩን በዓይናቸው አይተው፣ በሕይወት መኖር አለመኖሩን ለቀጣዩ ስብሰባ በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ተወሰነ። ጽሑፉን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ በእሱው ላይ።