የተሸጠ ብስክሌት እንዳይመለስ ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር … (ቁጥሩ ከጉምሩክ አልወጣም)

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የተራራ ብስክሌት የሚገዛው ሰው በመበርከቱ፣ በዚያው ልክም የገዛውን ይዞ ወደ ሱቅ የሚመለሰው በመበርከቱ፤

የሱቅ ሠራተኞች በዚህ ምክንያት ከስልካቸው ቀና ለማለት እየተገደዱ በመሆናቸው፤

ኢትዮጵያ በመጀመሪያው የኦሎምፒክ ተሳትፎዋ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ብስክሌተኞች ያሰለፈች፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይን ለቱር ደ ፍራንስ ያበቃች አገር ብትሆንም፣ ይህ ታሪክ የሚሸጠው ብስክሌት ፍሬን እንዲኖረው የሚያስገድድ ባለመሆኑ፤

ከባንኮኒው በላይ ተለጥፎ የኖረው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ እስካሁን ዝርዝር ማስፈጸሚያ ያልወጣለት በመሆኑ፣ ደንበኞችም ክፍተቱን ተጠቅመው «ፍሬኑ አይዝም» የመሳሰሉ ጥቃቅን ሰበቦችን በማብዛታቸው፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የአይመለስም አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ሊጠቅሰው የሚችለው ሱቁ ብቻ ነው።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

1) «ብስክሌት» ማለት ሁለት ጎማ፣ ባለ ሞላ የፊት ሹካ፣ የዲስክ ፍሬን እና በጎኑ ላይ የተራራ ሥዕል ያለው ተሽከርካሪ ሲሆን በተለምዶ ሳይክል የሚባለውን ይጨምራል፤

2) «ባለቤት» ማለት ገንዘብ ሲከፈል የነበረ፣ ቅሬታ ሲቀርብ ክፍለ ሀገር የሄደ ሰው ነው፤

3) «ልጁ» ማለት ብስክሌቱን የገጣጠመው፣ በመሆኑም ስለ ብስክሌቱ መልስ ያለው ብቸኛ ሰው ሲሆን፣ ሁልጊዜም «አሁን እዚህ ነበር» የሚባልለት ነው፤

4) «ደንበኛ» ማለት ከመክፈሉ በፊት «የኔ ወንድም»፣ ከከፈለ በኋላ «ሰውዬው» የሚባለው ነው።

3. የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ በማናቸውም ደንበኛ ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። የባለቤቱን ዘመድ አይመለከትም።

4. ስለ መጠን

የብስክሌት ፍሬም በነጂው ቁመትና በእግሩ ርዝመት ይመረጣል የሚለው የአምራቾች ምክር እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ሱቁ ውስጥ ያለው አንድ መጠን ለሁሉም ልክ ነው። ረጅም ደንበኛ ሲያጋጥም ኮርቻው ከፍ ይደረጋል። ኮርቻውን በያዘው ዘንግ ላይ የተቀረጸው፣ ዘንጉ ከዚህ በላይ እንዳይወጣ የሚያስጠነቅቀው መስመር እንደ ጌጥ ይቆጠራል።

5. ስለ መገጣጠም

ከካርቶን ወጥቶ በሚገጣጠም ብስክሌት ላይ የፊት ሹካው ዞሮ ሊገጠም ይችላል። ይህ የሚታወቀው በሹካው ግራ እግር ጀርባ መሆን የነበረበት የፍሬን ካሊፐር በቀኝ በኩል ፊት ለፊት አፍጥጦ ሲገኝ ነው። ያስተዋለ ደንበኛ ካለ «ሞዴሉ ነው» ይባላል።

6. ስለ ደረሰኝ

ደረሰኝ የሚፈልግ ደንበኛ በተስማማበት ዋጋ ላይ 15 በመቶ ይጨምራል። ደረሰኝ ያልፈለገ ደንበኛ ከዚህ ሱቅ ስለመግዛቱ ማስረጃ የለውም። ደረሰኝ ይዞ የመጣ ደንበኛ ቀጥሎ ባለው አንቀጽ ይስተናገዳል።

7. ስለ መመለስ

1) የተሸጠ ብስክሌት አይመለስም።

2) የዚህ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ (1) ቢኖርም፣ ያልተነዳ ብስክሌት ጉድለት ከተገኘበት ሊመለስ ይችላል።

3) ለንዑስ አንቀጽ (2) አፈጻጸም፣ ብስክሌት «ያልተነዳ» ነው የሚባለው የሚከተሉትን በሙሉ ሲያሟላ ነው፦

ሀ) ከሱቁ ደጃፍ እስከ ደንበኛው ቤት ጎማው መሬት ያልነካ እንደሆነ። በትከሻ የተወሰደ ወይም ሚኒባስ ጣሪያ ላይ የተጫነ ብስክሌት ይህን ያሟላል። ሆኖም ሲወርድ በጎማው ጥርስ መካከል ጠጠር ከተገኘ፣ ጠጠሩ በማናቸውም ማስረጃ ሊስተባበል የማይችል የመነዳት ምልክት ነው፤

ለ) የኮርቻው ፕላስቲክ ያልተቀደደ እንደሆነ። ፕላስቲኩ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሌላ ሰው ሲሞክረው ተቀዶ ከነበረ፣ የመጨረሻው ገዢ እንደቀደደው ይገመታል። የመጀመሪያው ሞካሪ የባለቤቱ ወንድም ከሆነ ፕላስቲክ ኖሮት እንደማያውቅ ይገመታል፤

ሐ) በእጅ ተገፍቶ የሄደ እንደሆነ፣ ገፊው እግሩን ፔዳል ላይ ያላሳረፈ እንደሆነ። አንድ እግር ያሳረፈ ብስክሌቱን ግማሽ እንደነዳው ይቆጠራል። ግማሽ የተነዳ ብስክሌት ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤

መ) ማርሹ ያልተቀየረ እንደሆነ። ማርሽ ሳይቀየር የማርሽ ጉድለት ሊታወቅ ስለማይችል ጉድለቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

4) ከላይ በንዑስ አንቀጽ (3) የተደነገገው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ፍሬንን በሚመለከት የሚከተሉት ልዩ ሁኔታዎች ተፈጻሚ ይሆናሉ፦

ሀ) የፍሬን ጉድለት የሚታወቀው ፍሬን ሲያዝ ነው። ፍሬን የሚያዘው ብስክሌቱ ሲሄድ ነው። የሄደ ብስክሌት ተነድቷል፤ የተነዳ አይመለስም። በመሆኑም ፍሬኑ የማይዝ ብስክሌት በሕግ ፊት የለም።

ለ) ፊደል (ሀ) ቢኖርም፣ ደንበኛው ሱቁ ውስጥ ቆሞ እጀታውን ጨብጦ ፍሬኑን የመሞከር መብት አለው። በቆመ ብስክሌት ላይ የማይዝ ፍሬን እስካሁን አልተገኘም።

ሐ) አዲስ የዲስክ ፍሬን ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪስማማ ድረስ በመጠነኛ ፍጥነት እየነዱ ደጋግሞ መያዝን ይጠይቃል። ይህ እውነት ነው። እውነት በመሆኑም ሱቁ ለሁሉም ነገር ይጠቀምበታል። ሲያዝ የሚጮህ ፍሬን ይላመዳል። እጀታው ያለ ምንም ጉልበት እስከ መሪው የሚሰምጥ ፍሬን ይላመዳል። ከቱቦው መጋጠሚያ ዘይት የሚያንጠባጥብ ፍሬንም ይላመዳል። ዘይት የጠጣ ሸራ በመላመድ እንደማይድን፣ ዲስኩ ጸድቶ ሸራው መቀየር እንዳለበት የሚያውቀው ልጁ ነው፤ ልጁ ግን አሁን እዚህ ነበር።

መ) የፍሬኑ ዘይት ጎድሎ ከተገኘ ሱቁ በእጁ ያለውን ዘይት ይሞላል። የብስክሌት ፍሬን እንደ አሠራሩ አንዱ በማዕድን ዘይት፣ ሌላው ዶት በሚባለው የፍሬን ዘይት ይሠራል፤ ሁለቱ አይተካኩም፤ ለማዕድን ዘይት የተሠራ ጎሚኒ ዶት ሲገባበት ይበላሻል። ለሱቁ ግን ሁለቱም ዘይት ናቸው። ከሞላ በኋላ የተበላሸ ጎሚኒ ደንበኛው ያበላሸው ነው፤ ዘይቱ የተሞላበት ዋጋም ይከፈላል።

ሠ) ደንበኛው ብስክሌቱን ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ይዞት የወረደ እንደሆነ ጥፋቱ የራሱ ነው። «ለምን ቁልቁለት ነዳኸው?» ተብሎ ይጠየቃል። ሲሸጥ «ይሄ ለእንጦጦ ነው የተሠራው» የተባለለት፣ በጎኑ ተራራ የተሣለበት፣ የተራራ ብስክሌት ተብሎ የተራራ ዋጋ የተጠየቀበት ሳይክል ለምን ቁልቁለት ላይ ተነዳ? ደንበኛው ለዚህ መልስ ቢኖረውም አይደመጥም። ሽቅቡን ወጥቶ እዚያው መቅረት ይችል ነበር። ቤተሰብ ካለው ቤተሰቡን ማስመጣት ይችላል።

ረ) ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከዚያ ከፍታ የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በዚህ አዋጅ «ሦስተኛ ወገን» ይባላሉ። ፍሬን ሲበጥስ ሦስተኛ ወገን ወደ ቦዩ ዘላ ራሷን ታድናለች። ሸክሙ የራሷን ቁመና የሚያህል፣ ገመዱም ደረቷ ላይ የታሰረ ስለሆነ መዝለል ጊዜ ይወስድባታል። ጊዜው ካልተገኘስ? አዋጁ ለዚህ ድንጋጌ የለውም። አንድ እናት ቦይ ውስጥ ወድቃ፣ እንጨቷ ተበትኖ፣ ጉልበቷ ተልጦ፣ እሷው ተመልሳ ነጂውን «አይዞህ ልጄ፣ ተረፍክ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ሱቅ ውስጥ ሦስት ጎልማሶች ተሰብስበው የኮርቻ ፕላስቲክ ተቀደደ አልተቀደደ ይከራከራሉ! አያፍሩም እንዴ? ለሦስት ሺህ ብር ትርፍ ሰው ሊሞት ነበር እኮ! ለዚያውም ካፍታ በፊት «የኔ ወንድም» ሲሉት የነበረ ሰው፤ ለዚያውም ሳይክል በዓይኗ እንጂ በእጇ ነክታ የማታውቅ ሴት።

ሰ) በፊደል (ረ) የታየው የቋንቋ መንሸራተት በእርማት ይስተካከላል። ፍሬን በሌለበት መንሸራተት የተለመደ ነው።

ሸ) ደንበኛው ድምፁን ከፍ ያደረገ እንደሆነ ጉዳዩ ከፍሬን ወጥቶ ወደ ሥነ ምግባር ይገባል። «ስድቡ ምን ያደርጋል ወንድሜ» ይባላል፤ ባይሳደብም። አላፊ አግዳሚው ገብቶ ይሸመግላል። ሽማግሌዎች ሰውዬው ጨዋ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በሰላም ይፈታ እንደነበር ይስማማሉ። ዘይቱ በዚህ መሐል የሱቁን ወለል ማርጠቡን ይቀጥላል፤ ወለሉን ያቆሸሸውም ደንበኛው ነው።

5) ብስክሌቱ በሌላ ተመሳሳይ ብስክሌት እንዲለወጥ የሚቀርብ ጥያቄ፣ ሁሉም በአንድ ኮንቴይነር የመጡ በመሆናቸው ፋይዳ የለውም።

6) ገንዘብ አይመለስም። ሱቁ ግን ለመልካም ግንኙነት ሲል ደንበኛው በገንዘቡ ልክ ባይሆንም ከመደርደሪያው አንድ ዕቃ እንዲመርጥ ሊፈቅድለት ይችላል። የሚፈቀዱት የውሃ ኮዳ ማስቀመጫ፣ የሚያበራ የጎማ ቆብ እና ደወል ናቸው። ፍሬን ለሌለው ሰው ደወሉ ይመከራል።

8. ስለ ጥገና

ለጥገና የተተወ ብስክሌት ነገ ይደርሳል።

9. ስለ መለዋወጫ

መለዋወጫ አለ። ለዚህኛው ብቻ የለም።

10. ስለ ዋስትና

ዋስትናው የአንድ ዓመት ነው። ጎማን፣ ካላማዳሪያን፣ ሰንሰለትን፣ ማርሽን፣ ፔዳልን፣ ሞላንና ፍሬንን አይሸፍንም። ፍሬም ከተሰበረ ይሸፍናል፤ ፍሬም የሚሰበረው ግን በአነዳድ ችግር ስለሆነ አይሸፍንም።

11. የተሻሩና ተፈጻሚነት የማይኖራቸው ሕጎች

1) የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ስላለበት ኃላፊነት የሚደነግገው አልተሻረም። ሱቁ ግን ለፍትሐ ብሔር ጉዳይ ጊዜ የለውም፤ ዛሬ ገበያ ነው።

2) የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ያልተነዳ ከሆነ አላለም። ፕላስቲክ አላለም። ጠጠር አላለም። ይህም ድንጋጌ አልተሻረም፤ ሱቁ ውስጥ ያነበበው ሰው ስለሌለ መሻር አላስፈለገም። አሳትሞ ይዞት የመጣ ደንበኛ ካለ ወረቀቱ ከባንኮኒው ላይ ይቀመጥና ሰንሰለት ሲጸዳ የሰንሰለት መጥረጊያ ይሆናል።

3) ደንበኛው 15ቱን ቀን ባለቤቱን በመጠበቅ ያሳለፈ እንደሆነ፣ ጊዜው ማለፉን የሚያስታውሰው ባለቤቱ ራሱ ይሆናል። ባለቤቱ ከክፍለ ሀገር የሚመለሰው በ16ኛው ቀን ነው።

12. ቅጣት

በዚህ አዋጅ ሱቁን የሚመለከት ቅጣት የለም። ይህን አዋጅ ለሌሎች ገዢዎች በር ላይ ቆሞ ያነበበ ደንበኛ ግን ገበያ በማወክ ይከሰሳል።

13. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ደንበኛው ብሩን ቆጥሮ ካስረከበበት ደቂቃ ጀምሮ የጸና ይሆናል።