አምስት ፔሶዬ

ገንዘቡ አምስት ፔሶ ነው። ከአንድ ዶላር ሩብ ብዙም አይርቅም። አሳንሼ የምነግራችሁ ለፌዛችሁ እንዳልመች ብዬ እንጂ እኔ ሆድ ውስጥ ሲገባ ትንሽ አይደለም። ከሜክሲኮ ሲቲ ከተመለስኩ ወር አልፎኛል፤ ሻንጣዬን ፈትቻለሁ፣ ልብሴን አሳጥቤያለሁ፣ ሌሊት እያፈጠጡ ማደሩም ቀርቶልኛል። አምስቷ ፔሶ ግን አልለቀቀችኝም።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ናርቫርቴ በሚባለው ሰፈር አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ መንገድ ዳር ምጣዳቸውን ጥደው ኬሳዲያ ይሸጣሉ። ምጣዱን ኮማል ይሉታል፤ እኔም ስማቸውን ስለማላውቅ በልቤ እትዬ ኮማል ብያቸዋለሁ። ኬሳዲያ የበቆሎ ቂጣ ነው፤ ሆዱ ውስጥ የፈለጉት ነገር ይጨመርና ታጥፎ ምጣድ ላይ ይገላበጣል። ጾም ነውና ከማረፊያዬ ስወጣ በቃሌ ያጠናሁትን «ሲን ኬሶ» አልኩ፤ ያለ አይብ። ከጎኔ የቆመው ቱታ ለባሽ ሰውዬ ባለ አይቡን አዘዘ። ሁለታችንም የዱባ አበባ፣ ሁለታችንም ሁለት ሁለት። የሱ አይብ እንደ ክር እየተጎተተ አገጩ ድረስ ወረደ። በላ፣ ከፈለ፣ ሄደ። እኔም በላሁ፣ ከፈልኩ፤ መሄድ ግን አቃተኝ። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት፤ ባለ አይቡ ሰውዬ፣ ያለ አይብ ከበላሁት ከእኔ፣ አምስት ፔሶ አሳንሶ ከፈለ።

«ታዲያ ለምን አልጠየቅህም?» ትሉኝ ይሆናል። ማን? እኔ? ባሕር ተሻግሬ፣ በሰው አገር፣ በሰው ፊት፣ እናቴ ከሚሆኑ ሴትዮ ጋር በአምስት ፔሶ ልነታረክ? ይሉኝታ እንደሆነ ቪዛ አይጠየቅ፤ አብሮኝ ተሳፍሮ ሄዷል። ደግሞስ በምን ቋንቋ? የእኔ ስፓኒሽ «ያለ አይብ» እና «አመሰግናለሁ» ነው። በዚህች ስንቅ ክርክር ብጀምር የት እደርሳለሁ?

ጥፋቱ የመካሪዎቼ ነው። ሜክሲኮ ልሄድ ነው ያልኩት ሰው ሁሉ፣ ከአዲስ አበባው ሜክሲኮ አልፎ የማያውቀው ጭምር፣ አንድ ዓይነት ምክር ነበር የሚሰጠኝ፤ «ርካሽና ትክክለኛውን ምግብ ከፈለግህ የአገሬው ሰው የሚበላበት ሂድ፤ ሰልፍ ካየህ ቁም።»

እሺ ብዬ ተከተልኩ። በመጀመሪያው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ መታወቂያውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ የአገሬው ሰውነቱ ከሩቅ የሚያስታውቅ አንድ የቢሮ ሠራተኛ መርጬ ከኋላ ከኋላው ሄድኩ። ሦስት መንገድ አቋረጥን። ፒዛ ቤት ገባ።

በማግስቱ ሰልፍ ፍለጋ ወጣሁ። መቼም የአዲስ አበባ ልጅን ሰልፍ ካየህ ቁም ብሎ መምከር ዓሣን ዋኝ እንደማለት ነው። እኛ ቆመን ነው «ምን መጣ?» ብለን የምንጠይቀው። ዘይት ይሁን፣ ነዳጅ ይሁን፣ ታክሲ ይሁን፣ መጀመሪያ ቦታ ይያዛል። በዚሁ ልማዴ አንዱ ሰልፍ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆሜ ተራዬ ሲደርስ፣ ሰውየው ሚዛን ላይ የትኩስ ቶርቲያ፣ የዚያ የበቆሎ ቂጣ፣ ቁልል ጭኖ ያየኛል። ለካ ቶርቲያ በኪሎ የሚሸጥበት ቤት ኖሯል! ሰዉ ለቤተሰቡ ምሳ ሊገዛ ነው የተሰለፈው። ከኋላዬ ያሉት ሲያጉረመርሙ ደንግጬ ጣቴን አንድ አድርጌ አሳየሁት። አንድ ኪሎ ቶርቲያ በወረቀት ተጠቅልሎ ተሰጠኝ። መናፈሻ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ወጥ የሌለው እንጀራ እንደሚበላ ሰው፣ ባዶውን ገመጥኩት። የአገሬው ሰው አላፊ አግዳሚ ሆኖ አየኝ። ርካሽ ነበር፤ ትክክለኛም ነበር።

ናርቫርቴን ያገኘሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም በሆድ ሳይሆን በናፍቆት። የሜትሮውን ካርታ ሳገላብጥ መስመር 3 ላይ «ኢትዮጵያ» የሚል ጣቢያ አየሁ። ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ነገሩ የቆየ ውለታ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ የላሳሮ ካርዴናስ መንግሥት ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች ወገን ቆመ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1946 ዓ.ም. ሄደው ጎበኟቸው። እኛ ለነሱ አደባባይ ሰየምን፤ እነሱም ለኛ። የኛው ሜክሲኮ በታክሲ ሰልፉ ይታወቃል፤ የነሱ ኢትዮጵያ ከእ.ኤ.አ. 1980 ጀምሮ ባቡር ይቆምበታል። የቲኬቱ ዋጋ ስንት ነው በሉኝ። አምስት ፔሶ! ከከተማው ጫፍ ተሳፈሩ ከመሐሉ፣ መስመር ቀያየሩ አትቀያይሩ፣ አምስት ፔሶ ነው። የአውሮፕላን ትኬት እያየ ዓመት ከዓመት የሚተክዝ ስደተኛ ወገኔ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን? በአምስት ፔሶ ኢትዮጵያ ይገባል። እና እኔ የተወሰደብኝ ሳንቲም እንዳይመስላችሁ፤ አገር መግቢያዬ ነው።

የሚያንገበግበው ደግሞ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በጣቢያው ስም ላይ አንድ ቅጥያ ጨመሩበት። አሁን ሙሉ ስሙ «ኢትዮጵያ/የግልጽነት አደባባይ» ነው። የግልጽነት! ከዚያ አደባባይ ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው ዋጋ ያልተለጠፈበት ምጣድ አጠገብ የቆምኩት።

የዚያን ረቡዕ ሌሊት አልተኛሁም። ምናልባት፣ አልኩ፣ ያለ አይብ ማለቴ ይሆን ያስወደደው? እዚህ ላይ ነው አንድ ጉድ የሰማሁት። ኬሳዲያ የሚለው ስም የወጣው «ኬሶ» ከሚለው ነው፤ አይብ ማለት ነው። ታዲያ በሜክሲኮ ሲቲ ኬሳዲያ ስታዙ «ከአይብ ጋር ነው?» ብለው ይጠይቋችኋል። የክፍለ አገሩ ሰው ይሄን ሲሰማ ያብዳል፤ አይብ የሌለው ኬሳዲያ ዶሮ የሌለው ዶሮ ወጥ ነው ይላል። የዋና ከተማው ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ይከራከራል። ጭራሽ ቃሉ ስፓኒሽ አይደለም፣ ከጥንቱ ናዋትል ቋንቋ የመጣ ነው የሚሉም አሉ፤ የቃላት አጥኚዎች ግን ይሄን አይቀበሉትም። ባልና ሚስት ሳይቀር በዚህ ይኮራረፋል ቢባል አምናለሁ።

እኔ በመጀመሪያ ሳቅሁ። ወዲያው ግን «የጾም ቅቤ» ትዝ አለኝ። የጾም ኬክ፣ የጾም ክትፎ። ከንፈሬን ሰበሰብኩ። ሜክሲኮዎቹ ግን በዚህ አልቆሙም። ርካሽ ምሳ የሚበላባቸው ትንንሽ ቤቶች አሉ፤ ሾርባ፣ ሩዝ፣ ወጥና መጠጥ በአንድ ዋጋ ተያይዞ ይመጣል። ሩዙን «ደረቅ ሾርባ» ይሉታል። በሁለት ቶርቲያ ተደርቦ የሚቀርበውን ታኮ «ኮን ኮፒያ» ይሉታል፤ ከነግልባጩ ማለት ነው። አንድ ምሽት በግልባጭ የመጣልኝን የአሳማ ሥጋ ታኮ... ማለቴ የበሬ ሥጋ፣ የበሬ... እሱን ተዉት። ግልባጩ ለማን እንደሆነ ግን አልተጻፈበትም ነበር።

ዓርብ ዕለት ለምርመራ ተመለስኩ። እቅዴ ቀላል ነው፦ እኔ የማዘውን የሚያዝ ሌላ ሰው እስኪመጣ ጠብቄ የሁለታችንን ሒሳብ ማነጻጸር። እትዬ ኮማል ገና ሲያዩኝ ፈገግ ብለው «ጉዌሮ!» አሉኝ። ትርጉሙን በኋላ ነው የጠየቅሁት። «ነጩ፣ ፈረንጁ» እንደማለት ነው አሉኝ። እጄን አገላብጬ አየሁት። ገበያተኛውን ሁሉ ማባበያ ነው፣ የኛ ሻጮች «የኔ ቆንጆ» እንደሚሉት ነው ተባልኩ። እኔም እንደ ቆንጆነቴ ሁሉ ነጭነቴን ሳልከራከር ተቀበልኩ። ዋጋውም በነጭነቴ ልክ ከሆነ ግን ይግባኝ አለኝ።

ያን ቀን ያዘዝኩት ትላኮዮ ነው። ባቄላ በሆዱ የያዘ የሰማያዊ በቆሎ ቂጣ ነው፤ ከላዩ የተከተፈ ቁልቋል ይነሰነስበታል። አዎ፣ ቁልቋል። በለስ የሚሰጠው፣ ያ እሾሃሙ። እኛ ፍሬውን በልተን ቅጠሉን ለከብት እንሰጣለን፤ እነሱ ኖፓል ብለው እሾሁን ልጠው ይመገቡታል። ተክሉ አገሩ እዚያው ነው፤ ለእኛ የደረሰው በእንግድነት ነው። ባቄላና ቁልቋል! ከቤቴ እንዲህ ርቄ እንዲህ ያለ የጾም ምግብ አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። ቀይ ማባያቸውን እያሳዩኝ «ኖ ፒካ» አሉኝ፤ አያቃጥልም። የሚጥሚጣ አገር ልጅ መሆኔን ላሳያቸው በማንኪያ ጨለጥኩበት። እንባዬ ጉንጬን ሞልቶ ወረደ። በኋላ ሳስበው ምን ይገርማል? በርበሬም መጀመሪያ ከእነሱ አገር ነው የወጣው። ከምንጩ ጋር ነው የተወዳደርኩት።

ትላኮዮ ሌላ ያዘዘ ሰው አልመጣም። አርባ ደቂቃ ቆሜ ጠበቅሁ። እትዬ ኮማል አዘኑልኝ መሰለኝ አንዲት ትንሽዬ ቂጣ ደርበው «ፒሎን» ብለው ሰጡኝ። ፒሎን ምርቃት ማለት ነው፤ ያ «መርቂልኝ» ብለን የምናገኘው። እኔ መቼ መርቁልኝ አልኩ? ሒሳቡ ጭራሽ ተደበላለቀብኝ። እሳቸው አምስት ፔሶ አለባቸው፤ እኔ አንድ ቂጣ አለብኝ። የትኛው ይበልጣል?

ይሄን ነገር በማረፊያዬ ለነበረ አንድ መንገደኛ ባላጫውተው ጥሩ ነበር። ከየት አገር እንደመጣ ይቅር። ስልኩ ላይ ዝርዝር ነበረው፤ የየታኮ ቤቱ ዋጋ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ። «ተበልተሃል» አለኝ። «እውነተኛው ምግብ ርካሽ ነው። ዋጋው ካለፈ ለቱሪስት የተሠራ ነው ማለት ነው።» ይሄን ሲለኝ በእጁ የያዘው ቡና ከእትዬ ኮማል ሦስት ኬሳዲያ ይገዛል።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በደለኛዬ እትዬ ኮማል ነበሩ። ድንገት ደሜ ፈላ። እውነተኛ ምግብ ርካሽ መሆን አለበት ያለው ማነው? እኛ አገር «እውነተኛ ክትፎ እዚህ በርካሽ አለ» ቢባል የምንጠይቀው የምን ሥጋ እንደሆነ ነው። በቆሎው እኮ ከመሬት ተነስቶ ቂጣ አይሆንም። በኖራ ውኃ ይቀቀላል፣ እዚያው ሲዘፈዘፍ ያድራል፣ ይታጠባል፣ ይፈጫል፣ ይለወሳል። ኒሽታማል ይሉታል፤ ከስፔኖች መምጣት በፊት የነበረ ሙያ ነው። ሞሌ የሚሉት ድልሃቸው ከሃያ በላይ ዓይነት ነገር ሊገባበት ይችላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የሜክሲኮን ባህላዊ ምግብ በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ በርካሽነቱ የመዘገበው አይመስለኝም። ይሄ ሰውዬ በገዛ አገሩ ዋጋ ሳይጠይቅ ሲከፍል ይኖርና እዚህ ሲደርስ ድህነትን እንደ ቅመም ያሸታል። ሴትዮዋ ከጎህ በፊት ተነስተው፣ ሸክማቸውን ተሸክመው መጥተው፣ ቀኑን ሙሉ ጭስ ፊት ቆመው፣ አምስት ፔሶ ቢጨምሩ «እውነተኛ» መሆናቸው ቀረ? እንደኔ ቢሆን ቡናውን... ብቻ ዝም አልኩ። አሁንም ይሉኝታ።

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ምን ያስቆጣኛል? ሰውዬው ስልኩ ላይ የጻፈውን እኔ ልቤ ላይ ጽፌዋለሁ። እሱ እንኳን ዝርዝሩን ዘግቶ ተኝቷል፤ እኔ ነኝ አርባ ደቂቃ ምጣድ አጠገብ ቆሜ የሰው ሒሳብ ስሰልል የዋልኩት። እትዬ ኮማልም ለባለ ቱታው አስበውለት ይሆናል፤ ምናልባት የዘወትር ደንበኛ ነው፣ ምናልባት ትናንት የቀረ መልስ ነበረው፣ ምናልባት የእህታቸው ልጅ ነው። ይሄን ሁሉ አስቤ ለሴትዮዋ ፈረድኩላቸው።

ግን ያለ አይብ እኮ ነው የበላሁት።

በመጨረሻው ቀን ልሰናበታቸው ስሄድ ቦታቸው ላይ የሉም። ምጣዱም የለም፤ የእግረኛ መንገዱ ላይ ጥቁር የጭስ ምልክት ብቻ ቀርቷል። እሑድ ነበር። እሑድ በግና ፍየል ጉድጓድ ውስጥ በእንፋሎት አብስለው የሚሸጡ ሰዎች ናቸው ገበያው የሚደራላቸው፤ ባርባኮዋ ይሉታል፤ ጥግ ላይ አንዱን አገኘሁና ሳልጠይቅ በልቼ የተባልኩትን ከፍዬ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድኩ።

እንግዲህ ከእናንተ መካከል ወደዚያ የሚሄድ ካለ አደራ። መስመር 3 ተሳፈሩ፣ ኢትዮጵያ ላይ ውረዱ። ምጣዳቸውን በጭሱ ታገኙታላችሁ። ሁለት የዱባ አበባ ኬሳዲያ ያለ አይብ እዘዙና ከመብላታችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁልኝ። የሚሉትንም ጻፉልኝ፤ ምርቃት ከሰጧችሁ ግን አትንገሩኝ።