የአውሬነት ይዞታ በጉለሌ ክፍለ ከተማ

«አውሬ» የሚለው ቃል በጉለሌ እንደ ልብ ይነገራል፤ ለአውሬ ግን አይነገርም። ሌሊት ከእንጦጦ ጫካ ወርዶ የሽሮ ሜዳን ቆሻሻ የሚፈትሸው ጅብ አጥንት የሚያደቅ መንጋጋ ይዞ «አያ ጅቦ» ይባላል፣ እንደ ታላቅ ወንድም። መንግሥትም ደፍሮ አውሬ አይለውም፤ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን አቋቁሞለታል። (ልማት ሲባል ሰው ዞር ብሎ ቤቱን ያያል፤ ጅቡ እስካሁን አልደነገጠም።)

ቃሉ እንዲህ ባለቤት ሲያጣ ሰው ወረሰው። ኪራይ የሚጨምር አከራይ አውሬ ነው፤ ይህ ስድብ ነው። ማትሪክ ላይ ሒሳብ የደፈነ ልጅም አውሬ ነው፤ ይህ ምስጋና ነው፣ እናቱን «በስመ አብ» ቢያሰኛትም። ከአዲሱ ገበያ ወደ ፒያሳ የሚበር የሚኒባስ ሾፌር በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ያገኛል፤ ከረፈደበት ተሳፋሪ ምስጋናውን፣ ዜብራ ላይ ከቆመው እግረኛ ስድቡን። «አውሬው» ከተባለ ግን ጉዳዩ ራእይ ዮሐንስ ምዕራፍ 13 ነውና ወራጅ ቢኖር ይሻላል።

የዚህ ቃል ጥናት የከበደው እዚያው ጉለሌ፣ ቀጨኔ ላይ ነው። የቀጨኔ ሴቶች ሸክላ ይሠራሉ። የከተማው ሰው በሠሩት ምጣድ እንጀራ ይጋግራል፣ በሠሩት ጀበና ቡና ያፈላል፤ በረካው ላይ ሲደርስ ደግሞ ሠሪዋ ቡዳ እንደሆነች፣ ሲመሽም ጅብ እንደምትሆን ያወራል። ቀን ጭቃ ስታቦካ፣ ስታድበለብል፣ ስታቃጥል፣ ተሸክማ ገበያ ስትወጣ የዋለች ሴት ሌሊቱን በምን ጉልበቷ እንጦጦን እንደምትዞር ያስረዳ አውሪ አልተገኘም። ሰው ትበላለች የምትባለው ሠሪ እንጂ የሚበላበት ሸክላ እንደማያስፈራ ግን ሁሉም ይስማማል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርቶ ተሳዳቢውን ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ አስችሎታል።

ወደ ጅቡ ስንመለስ፣ በአጠራሩ ረገድ አንድ እርማት ያስፈልጋል። የጅብ መንጋ መሪ ሴቷ ናት፤ ግልገሉም ማዕረጉን የሚወርሰው ከእናቱ ነው። «አያ» የሚለው አክብሮት እስከዛሬ የተሰጠው ለማይመለከተው ወገን ነበር። ትክክለኛው «እትዬ ጅቢት» ነው፤ በተለይ ሌሊት፣ በጠባብ መንገድ፣ ፊት ለፊት ላገኛት ሰው።