የአቶ ይመለስ ሳይከፈት አጭር የሕይወት ታሪክ

ወዳጅ ዘመዶች፣ የእድራችን አባላት፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ ፀሐዩ ሳይበረታ የሟችን የሕይወት ታሪክ ላንብብላችሁ። ድምፅ ማጉያው ቢያፏጭም ታገሡኝ።

አቶ ይመለስ ከአባታቸው ከአቶ ሳይከፈት ኩራቴ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ጨዋነት ዝም አለ ተወለዱ። የተወለዱበት ዘመን በውል አይታወቅም። የዕድሜ ልክ ሥራቸው አንድ ነበር፦ ያልተፈለገን ደብዳቤ እሽጉ ሳይነካ ወደመጣበት መመለስ።

ወጣትነታቸውን በእንግሊዝ አገር በችግር አሳለፉ። እስከ 1840 እ.ኤ.አ. ድረስ በዚያ አገር የደብዳቤን ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ተቀባዩ ነበርና፣ «አልቀበልም» የሚለው ቃል ከኩራት ይልቅ ከባዶ ኪስ ይወጣ ነበር። ብልጦቹ ታዲያ በደብዳቤው ውጭ ምልክት ያደርጋሉ። እናት ምልክቱን ታያለች፣ ልጇ ደህና መሆኑን ትረዳለች፣ ከዚያ ያዘነች መስላ ለፖስተኛው «መልሰው» ትለዋለች። ሮውላንድ ሂል የተባለው ሰው ላኪው አስቀድሞ አንድ ፔኒ እንዲከፍል አስደርጎ ቴምብርን ሲያመጣ ይህ ብልጠት ከሰረ። ከዚያ ወዲያ ሟች ደብዳቤ የሚመልሱት ልባቸው ስላልፈቀደ ብቻ ሆነ። ክብራቸውም የጀመረው ያኔ ነው።

ወደ አገራችን የገቡት ከፖስታ ቤት ጋር ነው። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፖስታ አቋቋሙ፤ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። የኅብረቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለሆነ ሟች በመዝገብ ስማቸው «ረፉዜ» ይባሉ ነበር። ይሁን እንጂ እኛ ዘንድ ፖስተኛ ብዙ ጊዜ በር አያንኳኳም፤ ደብዳቤ የሚጠብቀን በፖስታ ሳጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ ሟች ጎልተው ያገለገሉት ፖስታ ቤት ሳይሆን ትምህርት ቤት በር ላይ ነው።

ያን የፍቅር ደብዳቤ ዘመን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከደብተር መሐል የተገነጠለ ወረቀት፣ ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተሳለ ጽጌረዳ፣ ከእህት ተሰርቆ የተረጨ ሽቶ፣ «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል» የሚል ረጅም መግቢያ። ተላላኪው የሰፈር ሕፃን ነው፤ ክፍያው ከረሜላ። ልጅቷ ፖስታውን ተቀብላ የእጅ ጽሕፈቱን ታያለች፤ ከዚያ ምንም ሳትል መልሳ ለሕፃኑ ትሰጠዋለች። አትሰድብም፣ ለጓደኞቿ አታነብም፣ ለወንድሟ አትናገርም። ሕፃኑ ለመሄጃም ለመመለሻም ከረሜላ ስለሚያስከፍል፣ በዚያ ሁሉ ፍቅር ያተረፈው እሱ ብቻ ነው።

የሟችን ትልቅነት እዚህ ላይ ልናገር። አበው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ። የወጣ ቃል አይመለስም ማለታቸው ነው። ይህን ተረት የረቱ አቶ ይመለስ ናቸው። በእሳቸው ዘመን ቃል ከአፍ ወጥቶ፣ ከተማ አቋርጦ፣ ማንም ሳይሰማው ወደ ባለቤቱ ይመለስ ነበር። ላኪው ተናግሯል፣ ግን አልተሰማም። ተቀባይዋ እንቢ ብላለች፣ ግን አላዋረደችም። በማግስቱ ሁለቱ በአንድ ክፍል ይቀመጡ ነበር።

በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን የሟችን ሕግ ያውቁታል። እዚያ ያልተከፈተን ተራ ደብዳቤ «አልቀበልም» ብለህ ጽፈህበት ለፖስተኛው ብትሰጠው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይመለሳል። ከከፈትከው ግን አዲስ ፖስታና አዲስ ቴምብር ግዛ ትባላለህ። ያየኸውን አላየሁም ማለት በነፃ አይሆንምና። በዚያው አገር ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1962 እ.ኤ.አ. ስለሚመለስ ደብዳቤ ዘፍኖ ነበር። በ1993 ምስሉ ያለበት ቴምብር ሲወጣ አድናቂዎቹ ሆን ብለው በሐሰት አድራሻ ደብዳቤ ይልኩ ጀመር፤ «ለላኪው ይመለስ» የሚል ማኅተም አርፎበት እንዲመጣላቸው። እንቢታን በጉጉት ደጅ ቆሞ የጠበቀ ሰው የታየው ያኔ ነው።

ሟች ባደረባቸው ሕመም ለረጅም ጊዜ ሲሰቃዩ ቆይተዋል። በዴንማርክ ከ1624 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደብዳቤ ሲያድል የኖረው የመንግሥት ፖስታ በ2025 ማብቂያ ይህን ሥራ ሲያቆም ሐኪሞቹ ተስፋ ቆረጡ። የገደላቸው ግን ስልክ ነው። የስልክ መልእክት ፖስታ የለውም፤ ገና ስልኩ እንደተቆለፈ የመጀመሪያው መስመር ግንባሩ ላይ ይነበባል። ዋትስአፕ ላይ «አላየሁም» ብትል ሁለት ሰማያዊ ጭረቶች ይመሰክሩብሃል።

አቶ ይመለስ «ብሎክ» የተባለ የእንጀራ ልጅ ትተዋል። አመሉ እንደ ሟች አይደለም። ሟች ደብዳቤውን ይመልሱ ነበር እንጂ ሰውየውን አያባርሩም። ብሎክ ሰውየውን አባርሮ ቃሉን ያስቀራል። የተቀረጸው ድምፅም፣ ፎቶውም፣ ልመናውም በተቀባዩ ስልክ ውስጥ ይቀራል፤ አንድ ቀን ለሻይ ቡና መሳቂያ ይሆናል።

ከመሰናበታችን በፊት የግሌን ልናዘዝ። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የጻፍኩት አንድ ደብዳቤ በሟች እጅ ተመልሶልኛል። እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ እንደታሸገ አለ። ሽቶው ከጠፋ ቆይቷል፤ ምን ብዬ እንደጻፍኩም ረስቻለሁ። ለሟች መታሰቢያ ልክፈተው ብዬ ትናንት ማታ መቀስ አነሣሁ። ላኪ በሚለው ሥር የሰፈረውን ስም አየሁ፤ ያ ልጅ አሁን ለእኔም ባዳ ነው፤ ደብዳቤውንም የጻፈው ለእኔ አልነበረም። መልሼ አስቀመጥኩት።

ነፍስ ይማር። ንፍሮ ስላለ ሳትቀምሱ እንዳትሄዱ።