የመኪና ወለል ማበላሸት ለሚፈልግ ሰው

የዛገ ወለል አበላሽተህ ለመጠገን ከፈለግህ ምንጣፉን አታንሳ። ምንጣፉ ካልተነሳ ቀዳዳው አይታይም፤ ቀዳዳው ካልታየ ሥራው በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። ይህን ያስተማረችኝ እንግሊዝ አገር የገዛኋት የ1972 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ኤምጂቢ መኪናዬ ናት። ከእኔ በፊት የነዷት ሰዎች አንዱ በሌላው ላይ እየደረበ የየራሱን ስህተት ትቶባት ሄዷል። እኔ ከላይ ወደ ታች እየላጥሁ አየሁት፣ የራሴንም ጨመርሁበት። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ሁሉ በአንዲት መኪና ላይ ተሠርቶ ውጤቱ የታየ ነው።

መጀመሪያ፣ ወለሉን እግር ማሳረፊያ ብቻ አድርገህ ቁጠረው። የቀረው ጥፋት ሁሉ የሚከተለው ከዚህ ነው። ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 አቢንግደን በምትባል ትንሽ ከተማ ተገጣጠመች፤ ከ5 መቶ ሺህ በላይ ተሠርታለች። ከእሷ በፊት የነበረችው ኤምጂኤ ለብቻው የቆመ ሻንሲ ነበራት፤ ቦዲው የሚጫነው በእሱ ላይ ነው። ኤምጂቢ ግን ሻንሲ የላትም። ቦዲው ራሱ ሻንሲ ነው። ክፍቷ ሞዴል ደግሞ ጣሪያ ስለሌላት፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለውን ጭነት የሚሸከመው ከበሮቹ ሥር የሚሄደው ሳጥን መሰል ላሜራና ከእሱ ጋር የተበየደው ወለል ነው። ያ ሳጥን ሦስት ግድግዳ አለው፤ የውጭ፣ የመሐልና የውስጥ። የውጩን በዓይንህ ታየዋለህ። ሁለቱን አታያቸውም። እነሱም በዝገት ይበላሉ።

ሁለተኛ፣ ውኃው ከየት እንደሚገባ አትፈልግ። የእኔዋ ከሦስት ቦታ ትጠጣ ነበር። ከመስታወቱ ፊት ባለው የአየር ማስገቢያ የሚወርደው ዝናብ የሚወጣበት የጎማ ቱቦ በቅጠልና በአፈር ተደፍኖ ነበር፤ ውኃው ሲሞላ መውጫ አጥቶ ወደ እግር ሥር ይፈሳል። በሾፌሩ በኩል የፍሬን ዘይት ከፔዳሎቹ በላይ እየተንጠባጠበ ቀለሙን አልፍቶ ብረቱን ራቁቱን አስቀርቶታል። የፊት ፓራፋንጎው ውስጥ የተጠራቀመው ጭቃ ደግሞ እንግሊዞች በክረምት መንገድ ላይ የሚበትኑትን ጨው ይዞ ዓመቱን ሙሉ ርጥብ ነበር። ላሜራውን ብቻ ቀይረህ እነዚህን ከተውህ አዲሱም በአሮጌው መንገድ ይሄዳል።

አሁን ወደ ንብርብሩ ልምጣ። ከላይ ምንጣፍ፣ ከሥሩ ውኃ እንደ ስፖንጅ የያዘ ወፍራም ጨርቅ። ከጨርቁ ሥር ፋይበር ግላስ፤ አንድ ሰው ዝገቱን ሳይፍቅ በላዩ አፍስሶበታል። ዝገት ላይ የፈሰሰ ፋይበር ግላስ ብረቱን አይዝም፤ የያዘው ዝገቱን ነው፣ ዝገቱ ደግሞ ብረቱን ለቋል። ጫፉን በካቻቢቴ ስገፋው እንደ ዳቦ ቅርፊት ተነሳ። ከእሱ በታች ሌላ ሰው በሪቬት የመታው ጠፍጣፋ ላሜራ ነበር። በእሱና በአሮጌው ወለል መካከል ያለው ጠባብ ክፍተት ውኃ ይዞ አይለቅም። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሪቬቶቹን አንድ በአንድ አስለቅቋቸዋል። ከሁሉም በታች፣ ከመንገዱ በኩል፣ ጣት የሚያህል ካትራሜ። ካትራሜው ተሰነጣጥቆ ውኃውን ከውስጥ አቅፎ ይዞ ነበር። አምስቱን ንብርብር ሳነሳ ከሾፌሩ መቀመጫ ፊት የጋራዡን ስሚንቶ አየሁት።

እዚያ ላይ ነው የተናደድሁት፣ ዛሬም ድረስ እናደዳለሁ። የኤምጂቢ መቀመጫ በቡሎን የሚታሰረው ከዚሁ ወለል ጋር ነው። ያን ላሜራ በሪቬት የመታ ሰው ለሚቀጥለው ገዥ የሸጠው በካትራሜ የተያዘ ወንበር ነው።

የእኔ ስህተት ከዚህ ይቀጥላል። በሮችህ ዳግመኛ እንዳይገጥሙ ከፈለግህ እንዲህ አድርግ። መኪናዋን ከፊትና ከኋላ ጫፎቿ በክሪክ አንስተህ በማቆሚያ ላይ አስቀምጣት። ምንም አትለካ። ከዚያ የሁለቱንም ጎን ወለልና የበር ሥር ሳጥን በአንድ ቀን ቆርጠህ ጣል። እኔ ያደረግሁት ይህንን ነው፤ ሥራው የሚፈጥን መስሎኝ። መሐሏ ወደ ታች ረገበ፣ ግን በዓይን የሚታይ አልነበረም። አዲሱን ላሜራ በየድሁበት። በሩን መልሼ ስገጥመው የላይኛው የኋላ ጫፉ ቦዲውን ነክቶ ቆመ። ጠማማነቱን በብየዳ አጽንቼው ነበር።

በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ባትላሜራ ሲሠሩ የኖሩ፣ አሁን ለንደን ያሉ አንድ አዛውንት መጥተው አዩልኝ። ብዙ አልተናገሩም። ጣታቸውን በበሩ ዙሪያ ባለው ክፍተት እያስኬዱ፣ «ልጄ፣ ሳትቆርጥ በፊት ይችን ለካሃት?» አሉኝ።

«አልለካሁም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ፍታውና እንደገና እንጀምር።»

እንደገና ስንጀምር መጀመሪያ በአራት ማዕዘን ቱቦ የበሩን ቀዳዳ ከማጠፊያው ምሰሶ እስከ መቆለፊያው ምሰሶ ወጠርነው። ከዚያ ክፍተቱን በየቦታው ለክተን በጠመኔ ጻፍነው። አንዱ ጎን ተቆርጦ፣ ተበይዶና ተለክቶ ሳያልቅ ሌላውን አልነካንም። በሩን በየመሐሉ እየገጠምን እንዘጋው ነበር። ይህ ሁሉ የመጀመሪያው ጊዜ ቢሆን ሁለት ቀን ይጨምርብኝ ነበር፤ ስለዘለልሁት አንድ ክረምት ወሰደብኝ።

ብየዳውን ለማበላሸት ደግሞ ረጅም መስመር ሳታቋርጥ በይድ። ወለሉ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ላሜራ ነው፤ ሙቀቱ ሲጠራቀምበት እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ይሞገጋል። ጋሼ ያሳዩኝ አንድ ጣት ያህል በይዶ፣ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዶ፣ የመጀመሪያው በእጅ እስኪነካ ድረስ መጠበቅን ነው። ፋብሪካው በነጥብ ብየዳ ያያዘውን ቦታ ደግሞ አዲሱን ላሜራ በትራፓን በስተን ቀዳዳውን በብየዳ ሞላነው።

ጋራዡን ማቃጠል የሚፈልግ ከወለሉ ሥር የሚያልፈውን የቤንዚን ቧንቧ እዚያው ይተወው። በ1972ቷ ኤምጂቢ ሁለቱ ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ከመቀመጫዎቹ ኋላ ናቸው፤ ወፍራሙ ገመዳቸው ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው በወለሉ ሥር ነው። ቧንቧውንና ባትሪዎቹን ሳትፈታ፣ የእሳት ማጥፊያ ከጎንህ ሳታኖር አትበይድ። እዚህ ላይ መፌዝ አልችልም።

ብሪታንያ ውስጥ ከግንቦት 2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ የሆናት መኪና፣ ብዙ ካልተለወጠች በቀር፣ ለዓመታዊ ምርመራ አትገደድም። ሪቬቱን የሚያይ መርማሪ የለም ማለት ነው። እኔ ግን በፈቃዴ አስመረምራታለሁ፤ በግራ ወንበሯ የምትቀመጠው ልጄ ናት።

ወለሉ ተቀብቷል፣ መገጣጠሚያዎቹ ተደፍነዋል፣ በበር ሥር ሳጥኖቹ ውስጥ ሰም ተረጭቷል። ምንጣፉን ግን እስካሁን አላነጠፍሁም። ጋሼ አንድ ክረምት ሙሉ ባዶውን እንዳየው ነግረውኛል። ትናንት ሌሊት ዘንቦ ነበር። ጠዋት በባትሪ መብራት ሳይ በግራ በኩል፣ ከመስታወቱ ጥግ ሥር፣ እጅ የማታህል ርጥብ ቦታ አገኘሁ። የመስታወቱን ጎማ ቅዳሜ አወጣዋለሁ።